አስታማሚ

አባዬ የሚታጠበው ማክሰኞና ዓርብ ነበር። መታጠብ ስል ገላውን ማለቴ አይደለም። የኩላሊት እጥበት ቤቱ የገባ ቤተሰብ ቃሉን እንዲህ ያሳጥረዋል። «ዛሬ ታጠበ?»፣ «ነገ መታጠቢያው ነው»፣ «ታጥቦ ሲወጣ ይበርደዋል»። ከውጭ የሚሰማን ሰው ስለ ሕፃን ልጅ የምናወራ ይመስለዋል።

ሐኪሞቹ በሳምንት ሦስቴ ቢሆን ይመረጣል ብለውን ነበር። አቅማችን ሁለቴ ነው። የአንዱ ቀን ክፍያ አባዬ ዕድሜ ልኩን አስተምሮ ከሚያገኘው የወር ጡረታ ይበልጣል። ስለዚህ ሁለቴ፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት አራት ሰዓት። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ እህቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። እኔ ደግሞ ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ ኢንተርኔት ካለ የትም ሆኜ እሠራለሁ። በቃ፣ ማስታመሙ የእኔ ሆነ።

ከአልጋው አጠገብ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አለች። ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ እዚያች ላይ እቀመጣለሁ። በግራዬ የአባዬ ደም በቱቦ ከክንዱ ይወጣል፣ በማሽኑ ይጣራል፣ በሌላ ቱቦ ተመልሶ ይገባል። በጆሮዬ የሥራ ባልደረቦቼ የየዕለቱን ሦስት ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ ትናንት ምን ሠራህ? ዛሬ ምን ትሠራለህ? የያዘህ ነገር አለ? ሦስተኛውን ሁልጊዜ «ምንም የለም» ብዬ አልፈዋለሁ።

ክንዱ ላይ መርፌው የሚገባበትን የደም ሥር በቀዶ ጥገና አዘጋጅተውለት ነበር። ሐኪሙ «ፊስቱላ እንሠራለን» ሲል እማዬ ክው አለች፤ ቃሉን የምታውቀው በወሊድ ከሚጎዱ ሴቶች ጋር ነው። በኋላ ነው ደም ቅዳና ደም መልስን ማገናኘት መሆኑን ያስረዷት። ቦታውን በእጃችሁ ስትነኩት ይንዘረዘራል፤ ልክ ድምፁ የተዘጋ ስልክ ሲደወልለት እንደሚያደርገው። አባዬ አንዳንዴ እጄን ይዞ እዚያ ላይ ያሳርፈውና «ይሠራል?» ይለኛል። «ይሠራል» እለዋለሁ። ኢንጂነሩ እኔ ነኛ።

*

ይኼ ሁሉ የጀመረው ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት እግዚአብሔርን የፈለግኩት በሥራዬ ላይ ስህተት በምፈልግበት መንገድ ነበር። አንድ ሲስተም ሲወድቅ መጀመሪያ ሎጉን ትከፍታለህ። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበረው መቼ እንደሆነ ታያለህ። ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብለህ ትጠይቃለህ። መልሱ የሆነ ቦታ አለ፤ ካላገኘኸው በደንብ አልፈለግክም ማለት ነው።

እና ሌሊት ሌሊት የአባዬን ሕይወት እንደ ሎግ ማንበብ ጀመርኩ። ደም ግፊቱ የታወቀው መቼ ነው? ደህና ነኝ ብሎ ኪኒኑን ያቆመው መቼ ነው? ለወገቡ ከፋርማሲ እየገዛ የሚውጠው ማስታገሻ ይሆን? እኔስ፣ እግሩ ሲያብጥ አይቼ «ጫማው ጠቦት ነው» ያልኩት መቼ ነበር? ይኼ ሲያልቅ ወደ ሌላኛው ሎግ እሻገራለሁ። አባዬ ጾም የማይገድፍ፣ ሰው የማያማ፣ ደብተር መግዣ ላጣ ተማሪ ከደመወዙ የሚቆርጥ ሰው ነው። ታዲያ ለምን እሱ?

ሰውም በፍለጋው አገዘኝ። አንዷ ዘመዳችን የሰው ዓይን ነው አለች። አንዱ ለበጎ ነው አለ። ሌላው እግዜር የሚወደውን ነው የሚፈትነው አለኝ፤ ምነው ትንሽ ቀነስ አድርጎ በወደደው ብዬ አሰብኩ፣ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።

በዚያን ሰሞን መጽሐፈ ኢዮብን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ልጅ ሆኜ የሰማሁት ታሪክ መጀመሪያውና መጨረሻው ብቻ ነው፤ ሁሉን አጣ፣ ታገሠ፣ እጥፍ ሆኖ ተመለሰለት። መካከሉን የነገረኝ አልነበረም። መካከሉ ጩኸት ነው። ኢዮብ ይጮኻል፣ ይከሳል፣ ፍርድ ቤት እንግባ ይላል። ሦስቱ ወዳጆቹ፣ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር፣ ምክንያቱን ሊነግሩት ይሞክራሉ። እንደኔ ናቸው፤ ሎግ ያነብባሉ። እንዲህ ብታደርግ ነው፣ ልጆችህ እንዲህ ቢሆኑ ነው።

የገረመኝ ግን እነዚህ ሰዎች አጀማመራቸው ነው። ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድም ቃል አልተናገሩም፣ ሕመሙ ታላቅ መሆኑን አይተዋልና። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ! የተበላሸው ማብራራት ሲጀምሩ ነው። በመጨረሻ እግዚአብሔር ሲናገርም ለኢዮብ ምክንያቱን አልነገረውም። ስለ ከዋክብት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሜዳ አህያ፣ ስለ ሰጎን ጠየቀው። የተቆጣው ደግሞ በጮኸው በኢዮብ ላይ ሳይሆን ባብራሩት ላይ ነው። ይኼን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። አልረካሁም፤ ግን ጩኸቴን እንዳላፍርበት ሆንኩ።

*

እማዬ ጸበል ትፈልግ ነበር። እንጦጦ ማርያም እንውሰደው አለች። ችግሩ የኩላሊት ሕመምተኛ ውኃ ተለክቶ ነው የሚጠጣው፤ ሰውነቱ ውኃውን ማስወጣት ስለማይችል በሳንባው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ለአባዬ የተፈቀደለት በቀን አንድ ሊትር ነበር፣ ሻዩም ሾርባውም ተደምሮ። ጸበል ደግሞ በብርጭቆ አይጠጣም፤ በጆግ ነው።

እኔና እማዬ ተጣላን። እኔ «ልትገድይው ነው?» አልኳት። እሷ «አንተ ማሽኑን ነው የምታመልከው» አለችኝ። ሁለታችንም ፈርተን ነበር፤ ፍርሃታችን በየመንገዱ ሄደ እንጂ። መጨረሻ ላይ የንስሐ አባታችን ተጠሩ። አባ ሁለታችንንም ሰሙንና አባዬን «ትንሽ ቅመስ፣ የቀረውን ተጠመቅበት፤ መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ» አሉት። አለቀ። አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረው እንደነበር ያን ዕለት ነው ያስታወሱን። እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ታጠምቀዋለች፤ እኔ ፎጣውን ይዤ እቆማለሁ።

*

ይኼን የምጽፈው ሳልወድ ነው።

የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ለጋሹ ያኔ ዘመድ መሆን ነበረበት። ከቤታችን ሊታሰብ የሚችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ደሜን ሰጠሁ። ብዙ ምርመራ ሳያስፈልግ ገና በመጀመሪያው ቀረ፤ አባዬ ኦ ነው፣ እኔ ቢ። ኦ ለሁሉም ይሰጣል፣ የሚቀበለው ግን ከኦ ብቻ ነው።

ወረቀቱን ይዤ ደረጃውን ስወርድ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ሐዘን አይደለም፣ እፎይታ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ ሐፍረቱ መጣና እዚያው ተቀመጥኩ። ለአባቱ ኩላሊት ሊሰጥ ሄዶ «አይሆንም» ሲባል ደስ ያለው ልጅ። ለወር ያህል ዓይኑን ማየት አቃተኝ። ከማንም የበለጠ ከእግዚአብሔር ተደበቅሁ፤ ጸሎት መጸለይ ተውኩ፣ ምን ብዬ?

አንድ ማክሰኞ እዚያች ወንበር ላይ ሆኜ፣ ዓይኔን ከላፕቶፑ ሳላነሳ፣ ለአባዬ ነገርኩት። «የዛን ቀን አይገጥምም ሲሉኝ እፎይ ነው ያልኩት» አልኩ። ማሽኑ ብቻ ይሰማል። ቆይቶ ቆይቶ፣

«እኔም» አለ።

ቀና አልኩ።

«እኔም እፎይ ብያለሁ። እንዳይገጥም እኮ ነበር የምጸልየው። ልጄን ቀደው...» ብሎ ሳይጨርሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በኋላ ሳስበው አሳቀኝ። እማዬ እንዲገጥም ለገብርኤል ተስላለች። አባዬ እንዳይገጥም ይጸልያል። እኔ በአፌ እንዲገጥም፣ በልቤ እንዳይገጥም። ከአንድ ቤት ወደ አንድ ሰርቨር ሦስት የሚጋጩ ጥያቄዎች። የማን ጸሎት ተሰማ? እንጃ። የማውቀው ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ከአባዬም ከእግዚአብሔርም የምደብቀው ነገር እንዳልነበረኝ ነው።

*

በዚያው ዓመት ስቅለት እንደ ሁልጊዜው ዓርብ ነው፤ የአባዬ የመታጠቢያ ቀን። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ልትውል በጠዋት ወጣች። እኛ ወደ እጥበቱ ሄድን። አባዬ በሕይወቱ ስቅለትን ሳይሰግድ ሲያሳልፍ የመጀመሪያው ነበር። አኩርፎ ነበር፤ በሕመሙ ነው በእግዚአብሔር፣ አልጠየቅኩትም።

ከፊታችን ባለው አልጋ አንዲት በሃያዎቹ ያለች ልጅ ትታጠባለች። የምታስታምማት እናቷ ናት፤ ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው። የዛን ቀን ነጠላቸውን እንደ ቤተ ክርስቲያን አጣፍተው መጥተዋል። ከአንዱ ሕመምተኛ ስልክ የቀጥታ ሥርጭት ይሰማል፣ እግዚኦታው ይወርዳል። በእጥበት ላይ እግር ይሸመቅቃል፤ ልጅቷም ሸምቅቋት ታቃስታለች። እማማ አጎንብሰው እግሯን ያሻሉ። ቀና ይላሉ፣ ደግሞ ያጎነብሳሉ።

«እማማ፣ ዛሬስ ቤተ ክርስቲያን ሳይሄዱ?» አልኳቸው፤ ለወሬ ያህል።

«የት ልሂድ ልጄ?» አሉኝ እጃቸውን ሳያቆሙ። «እዚህ አይደል እንዴ የታመመው።»

ተሳስተው መሰለኝ። የታመመችው ልጃቸው ናት፣ ሴት ናት። «የታመመችው» ማለት ነበረባቸው። ላርማቸው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ገባኝ። ስለ ልጃቸው አልነበረም የሚያወሩት።

ያን ቀን ኮድ አልጻፍኩም። ስለ ቃሉ ሳስብ ዋልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሕማማት እንላለን። ሕመም፣ ታማሚ፣ አስታማሚ፣ ሕማማት፤ ሁሉም ከአንድ ሥር ነው የበቀሉት። አስታማሚ የሚያድን ሰው አይደለም፤ እሱ ሐኪም ነው። አስታማሚ ለምን እንደታመምክ የሚያስረዳም አይደለም። ሕመሙ እስኪያልፍ፣ ወይም አንተ እስክታልፍ፣ አብሮህ የሚቀመጥ ነው። ሥራው መኖሩ ነው።

ጌቴሴማኒም ሌላ መስላ ታየችኝ። ክርስቶስ በዚያች ሌሊት ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ገባ። አድኑኝ አላላቸውም። የለመናቸው አብረውት ነቅተው እንዲቆዩ ብቻ ነው። ሦስቴ ተመልሶ መጣ፣ ሦስቴም ተኝተው አገኛቸው። በእኛ ቋንቋ፣ አስታማሚ ፈልጎ አጣ። በማግስቱ መስቀል ላይ ሆኖ የጮኸው ጩኸትም ጥያቄ ነው፤ ለምን የሚል። ወንጌሉ ከሰማይ የመጣ መልስ አልጻፈልንም። እኔ ለወራት አፌ ላይ ተንጠልጥሎ ያፈርኩበትን ቃል እሱ ቀድሞኝ ብሎታል። አስታማሚ ያጣው እሱ በየአልጋው አጠገብ አስታማሚ ሆኖ ቢገኝ ምን ይገርማል?

ይኼን ለአባዬ ልነግረው ፈልጌ ነበር። ተኝቶ ነበር። እጄን ክንዱ ላይ አደረግኩ፤ ይንዘረዘራል።

*

ሐምሌ ላይ ነው፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት። ዝናቡ እየወረደ መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ በሰከንዶች ውስጥ ነበር የሚነሣው፤ ያን ቀን አልተነሣም። ማሽኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጮህ ጀመሩ።

የተማርኩት ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለው ባትሪ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚይዝ አውቃለሁ። ደም ቱቦ ውስጥ ከቆመ እንደሚረጋም አውቃለሁ። የሚረባ ነገር ግን አላውቅም ነበር። ነርሶቹ ሁለት ናቸው፣ አልጋው ዘጠኝ። ሲስተር ከማሽኑ ላይ አንዲት ትንሽ እጀታ አወጣች፣ ፓምፑ ላይ ገጠመችና ወደኔ ዞረች።

«አንተ ና፣ ያዝ። ቀስ ብለህ፣ እኩል እኩል አዙር። አረፋ ካየህ ቁምና ጥራኝ።»

ማዞር ጀመርኩ። ውጭ የቀረው ደም ምናልባት አንድ ብርጭቆ ቢሆን ነው። ግን የአባቴ ደም ነው፣ የሚመለሰውም በእጄ ነው። ክፍሉ ጨለማ ነበር። እማማ የልጃቸውን ሌላ አስታማሚ ሲያዞርላቸው መጥተው የስልካቸውን ባትሪ ቱቦው ላይ አበሩልኝ። በየአልጋው አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ያዞራል፤ የማንን እንደሆነ ማን ለየ? ሙስሊሙም ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም የየራሱን እያጉተመተመ ያዞራል። እኔ አልጸለይኩም። ዓይኔ አረፋ ፍለጋ ላይ ነበር። እጄ ሲንቀጠቀጥ ፈጠነብኝ።

«ቀስ በል» አለ አባዬ። «ቡና እየፈጨህ አይደለም።»

ሳቅኩ። እማማም ሳቁ። ብርሃኑ ቱቦው ላይ ተንቀጠቀጠ።

መብራቱ የመጣው ደሙ ሁሉ ከተመለሰ ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው። እግዚአብሔርን ጀነሬተሩ ውስጥ ብጠብቅ ኖሮ ዘግይቶ ነበር የሚደርሰው። ተአምር አየሁ አልልም፤ የሎግ ማስረጃም የለኝም። ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰው ያልሆነ ሰው በአጠገቤ እንዳለ እንደዚያ ተሰምቶኝ አያውቅም። በዚያች ጨለማ ክፍል ብቻውን የቀረ አልነበረም።

በማግስቱ በስብሰባችን ላይ «የያዘህ ነገር አለ?» ሲሉኝ «አዎ» አልኩ። «አባቴ ታሟል።» ዘጠኝ ወር የያዘኝ ነገር ነው። ማንም አላብራራልኝም። ዓርብ ዕለት የቡድናችን ኃላፊ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ፤ ከኮሪደሩ የፕላስቲክ ወንበር ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ አራቱንም ሰዓት።

*

አባዬ ኅዳር ላይ አረፈ፣ ሊነጋ ሲል፣ ቤቱ። እጄን ክንዱ ላይ አደረግኩ። ዝም ብሏል።

እድሩ ድንኳኑን ተከለ። ሰው መጣ። ማብራራቱም አብሮ መጣ፤ ተገላገለ፣ ለበጎ ነው፣ ጊዜው ደርሶ ነው። አሁን አልቆጣም። ሰው ዝም ማለት ሲያስፈራው ነው የሚያብራራው፤ እኔም አብራርቻለሁ። ኃላፊዬ ሦስቱንም ቀን መጥቶ አንድ ቃል ሳይተነፍስ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። እማማ ልጃቸውን ለጎረቤት ሰጥተው በሁለት ታክሲ መጡ፣ አጠገቤ ተቀመጡ፣ ሲነሡ «እግዜር ያጥናህ» ብለው ሄዱ።

«ለምን» የሚለው ጥያቄ አሁንም አለ። አልተመለሰም። አንዳንድ ሌሊት ተነሥቼ እዚያችን የእግር እብጠት፣ እዚያችን «ጫማው ጠቦት ነው» እከፍታታለሁ። አንዳንዴ ደግሞ በጣም እናደዳለሁ፤ ያንንም ለእሱ ነው የምነግረው። ከማን ጋር እንደማወራ ማወቄ ነው የተለወጠው። የሚያብራራልኝን ትቼ አብሮኝ ያለውን ነው የማናግረው።

ያን ዓመት ከተራ ዓርብ ዋለ። እማማ ታቦት መሸኘት እንዳማራቸው አውቅ ስለነበር ደወልኩላቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እኔ የድሮዋ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ የአባዬ አልጋ ላይ የማላውቃቸው ሰው ተኝተዋል። ከሩቅ ሆታው ይሰማል።

«ምን ላድርግልሽ?» አልኳት ልጅቷን። «ውኃ? ትራስ?»

«ምንም» አለችኝ። «ቁጭ በል ብቻ።»

ቁጭ አልኩ።